በጎደለው የታወቀው ቫይረስ

በ1957 ካምፓላ ውስጥ በሙላጎ ሆስፒታል፣ ሂዩ ትሮዌል የተባሉ ሐኪም የአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ሕመም ግራ ቢያጋባቸው የቀዶ ሕክምና ባለሙያውን ዴኒስ ቡርኪትን አስጠሩ። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የልጁ መንጋጋ ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አብጧል፤ ጥርሶቹ ተነቃንቀዋል። ኢንፌክሽን እንዳይባል፣ ኢንፌክሽን በአራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ አይወጣም። ካንሰር እንዳይባል፣ ካንሰር እንዲህ ተመጣጥኖ ሲበቅል ማንም አላየም። ቡርኪት ልጁን ፎቶግራፍ አነሱት እንጂ ምን እንደያዘው ሊናገሩ አልቻሉም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ከካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጂንጃ፣ የሆስፒታሉን ሕሙማን ጎብኝተው ሲጨርሱ በመስኮት በኩል ፊቱ ያበጠ ሌላ ልጅ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ወጥተው መረመሩት። መንጋጋው ልክ እንደ መጀመሪያው ልጅ ነው፤ ሆዱ ውስጥም ዕጢ አለ። አንድ ልጅ ሲሆን ያልተለመደ ነገር ተብሎ ይታለፋል፤ ሁለት ሲሆን ግን መዝገብ ያስገልጣል። ቡርኪት የሙላጎን የሕሙማን መዝገቦች ወደ ኋላ ሄደው ሲያገላብጡ፣ በየክፍሉ በተለያየ ስም ተመዝግቦ የቆየው የሕፃናት ካንሰር አንድና ያው መሆኑን አዩ። በ1958 ይህንኑ አሳተሙ። አንባቢ ግን ብዙም አላገኙም።

ማርች 22 ቀን 1961 ቡርኪት ለንደን ውስጥ በሚድልሴክስ ሆስፒታል ስለዚሁ ዕጢ ንግግር አደረጉ። ከአዳማጮቹ መካከል አንቶኒ ኤፕስታይን ነበሩ። ኤፕስታይን በዶሮዎች ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው፤ የሰው ካንሰርም ከቫይረስ ሊመጣ ይችላል የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ ብዙዎችን ፈገግ የሚያሰኝ ነበር። ቡርኪት ግን ዕጢው በቦታ የተወሰነ እንደሆነ፣ ሙቀትና ዝናብ እንደሚከተል ሲናገሩ ሰሙ። በአየር ንብረት የሚወሰን ካንሰር ካለ አንድ ሕያው ነገር እያዛመተው መሆን አለበት። ንግግሩ ሳያልቅ ኤፕስታይን የዶሮውን ሥራ ለመተው ወስነው ነበር። ከስብሰባው በኋላ ቡርኪትን አነጋገሩ፤ የዕጢ ናሙና ከካምፓላ በአውሮፕላን እንዲላክላቸው ተስማሙ።

ቡርኪት በበኩላቸው ኦክቶበር 1961 ላይ ከሁለት ሐኪም ጓደኞቻቸው ጋር በአንዲት አሮጌ መኪና ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀመሩ። አሥር ሳምንት፣ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየሆስፒታሉ እየገቡ የልጆቹን ፎቶግራፍ ያሳያሉ፤ «እንዲህ ያለ ልጅ ታያላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። የተሰበሰበው መልስ ካርታ ሆነ። ዕጢው የቆላ ነው፤ በምድር ወገብ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ሲደረስ ይጠፋል። ደጋና ቆላን ለይቶ ላደገ አንባቢ ይህ ካርታ እንግዳ አይሆንም፤ የወባ ካርታ ነው። ቡርኪት ግን መጀመሪያ የጠረጠሩት ወባን ሳይሆን፣ ትንኝ የምታዛምተው አንድ ቫይረስ መኖሩን ነበር። ግማሹን ልክ ነበሩ።

ለንደን ውስጥ ኤፕስታይን ለሁለት ዓመት ያህል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ ምንም አላገኙም። ናሙናው ይመጣል፣ ይቆረጣል፣ ይታያል፤ ቫይረስ የለም። ምናልባት ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ተጨቁኖ ይሆናል፣ ሴሎቹን ከሰውነት ውጭ ማሳደግ ብንችል ይወጣ ይሆናል ብለው አሰቡ። የዚህ ዓይነት የሰው ሴል ግን እስከዚያ ከሰውነት ውጭ አድጎ አያውቅም ነበር።

ዲሴምበር 5 ቀን 1963 የለንደን ሰማይ በጉም ተዘጋ። ከኡጋንዳ ናሙና ይዞ የመጣው አውሮፕላን ማንችስተር እንዲያርፍ ታዘዘ፤ ናሙናው ለንደን የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። ዕጢው የተቀመጠበት ፈሳሽ ደፍርሷል። መደፍረስ ማለት ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ በየትኛውም ላቦራቶሪ የሚደፋ ነው። ኤፕስታይን ከመድፋታቸው በፊት አንድ ጠብታ ወስደው በተራው ማይክሮስኮፕ አዩ። ባክቴሪያ አልነበረም። ፈሳሹን ያደፈረሱት በመንገዱ መናወጥ ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያው የካንሰር ሴሎች ነበሩ። እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ ዕጢውን ከአንድ ነገር ላይ አጣብቆ ለማሳደግ ይታገል ነበር፤ እነዚህ ሴሎች የፈለጉት መንሳፈፉን ነው። በፈሳሽ ውስጥ ተተዉ፤ ተባዙ።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1964 ከነዚህ ሴሎች የተዘጋጀው የመጀመሪያ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ገባ። ገና በናሙናው መያዣ መረብ የመጀመሪያዋ ካሬ ውስጥ፣ በአንዱ ሴል ላይ የቫይረስ ቅንጣቶች ታዩ። ኤፕስታይን የኤሌክትሮኑ ጨረር ናሙናውን እንዳያቃጥልባቸው ስለፈሩ መሣሪያውን አጥፍተው፣ ካፖርት እንኳ ሳይደርቡ፣ በበረዶው ውስጥ አካባቢውን ዞሩ። ልባቸው ረጋ ሲል ተመልሰው እንደገና አዩ። ቫይረሱ እዚያው ነበር፤ ቅርጹም የሄርፒስ ቤተሰብ መሆኑን ይናገራል። ማርች 28 ቀን 1964 ላንሴት የተባለው መጽሔት ላይ ሲወጣ ጽሑፉ የሦስት ሰዎች ነበር፤ የኤፕስታይን፣ የበርት አቾንግ እና የኢቮን ባር። ሴሎቹ በኤፕስታይንና በባር ስም ይጠሩ ስለነበር ቫይረሱም ያንኑ ወረሰ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ሥራ አብረው የደከሙት የትሪኒዳድ ተወላጅ አቾንግ ከስሙ ውጭ ቀሩ። ቫይረሱን «ኤፕስታይን-ባር» የሚለው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

የለንደኑ ናሙና በደረሰበት በዚያው በ1963 ናይጄሪያ ውስጥ፣ በኢባዳን፣ ፑልቨርታፍት የተባሉ የሥነ ደዌ ባለሙያ በዚሁ ካንሰር ከታመመ ልጅ መንጋጋ የወሰዷቸውን ሴሎች ማሳደግ ቻሉ። እነዚህ ሴሎች «ራጂ» ይባላሉ። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ዛሬም በየአገሩ ላቦራቶሪ እየተከፈሉ ይኖራሉ። የኛ ታሪክ ከዚህ በኋላ በአብዛኛው የራጂ ታሪክ ነው።

ስለ ቫይረሱ ማንነት የነበረው ግምት ቶሎ ተለወጠ። ከናዚ ጀርመን ዘመን ጋር የተያያዘ ስደት ወደ ፊላደልፊያ ያደረሳቸው ባልና ሚስት፣ ቬርነርና ገርትሩድ ሄንሌ፣ ፀረ እንግዳ አካሉን በሰዎች ደም ሲፈልጉ በአፍሪካ ልጆች ብቻ ሳይሆን በአሜሪካውያንም ደም ውስጥ አገኙት። በ1967 ከላቦራቶሪያቸው ሠራተኞች አንዷ ታመመች፤ ጉሮሮዋ ቆሰለ፣ ንፍፊቷ አበጠ። ሞኖኑክሊዮሲስ የሚባለው፣ ወጣቶችን የሚያጠቃው ሕመም ነበር። ከመታመሟ በፊት የተወሰደው ደሟ የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል አልነበረውም፤ በኋላ የተወሰደው ነበረው። በዚህ መንገድ አንዲት ሠራተኛ ሳታስበው የሙከራው ዋና ምስክር ሆነች። ቫይረሱ የኡጋንዳ ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የዓለም አዋቂ ይዞት ይኖራል፤ እኔም አንባቢዬም ከነዚያ መሆናችን አይቀርም። ከአብዛኛው ሰው ጋር ተስማምቶ የሚኖር ይህ ቫይረስ ካንሰር የሚያመጣው ለምንድነው? በቆላ ሕፃናት ላይ ወባ ደጋግሞ የመከላከያ ሥርዓትን ማናጋቱ አንዱ መልስ ሆነ። ሌላው መልስ ያለው ግን ሴሉ ውስጥ፣ በቫይረሱ ዘረ መሎች ላይ ነው።

ችግሩ ሴሉ ውስጥ ቫይረስ አለመታየቱ ነበር። የራጂ ሴሎች የቫይረስ ቅንጣት አያመርቱም፤ «ከቫይረስ ነፃ» ይባሉ ነበር። በ1970 ሃራልድ ሱር ሃውዘን የቫይረሱን ዲኤንኤ በነዚሁ ሴሎች ውስጥ ፈልገው አገኙት። ቅንጣቱ የለም፣ ዘረ መሉ ግን አለ። (ኋላ በ2008 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው በማኅፀን ጫፍ ካንሰር ላይ የሠሩት ሥራም ይህንኑ አስተሳሰብ የተከተለ ነው።) በ1975 ደግሞ ስዊድን ውስጥ ቶማስ ሊንዳል ከባልደረባቸው ጋር ያ ዲኤንኤ በራጂ ውስጥ ምን እንደሚመስል አሳዩ። ከሰው ክሮሞሶም ተነጥሎ የሚቀመጥ፣ ጫፍና ጫፉ የተገጠመ ክብ ነው። በአንድ የራጂ ሴል ውስጥ 50 ገደማ እንዲህ ያሉ ክቦች አሉ። ሴሉ ሲከፈል እነሱም አብረው ይከፈላሉ። በ1985 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጆን ዬትስ፣ ቢል ሰግደንና ባልደረቦቻቸው ይህን የሚያደርገውን ገለጡ። ኤብና-1 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ክቡን ጠብቆ ከአንዱ ሴል ትውልድ ወደ ሌላው ያሻግራል።

ከዚያ በፊት በ1984 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የቫይረሱን ዲኤንኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብበው አሳትመው ነበር። 172,282 ፊደላት፤ በዘመኑ ከተነበቡት ረጅሙ። ከ80 በላይ ዘረ መሎች በዝርዝር ወጡ። ዝርዝር ማግኘት ግን ሥራቸውን ማወቅ አይደለም። የአንድን ዘረ መል ሥራ ለማወቅ ያለው ጥንታዊ መንገድ ከቤት አንድ ምሰሶ ነቅሎ ጣሪያው የቱ ጋ እንደሚዘም ማየት ነው። በእርሾና በባክቴሪያ ይህ ቀላል ነበር። የሰው ሴል ውስጥ ተደብቆ ለሚኖር፣ ለዚያውም በአንድ ሴል 50 ቅጂ ላለው ቫይረስ ግን ማን ይነቅልለታል?

ስለዚህ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሳይንቲስቶች የተማሩት ተፈጥሮ በአጋጣሚ ካጎደለችው ነው። አንድ ፒ3ኤችአር-1 የተባለ የቫይረሱ ዝርያ ነበር፤ ጤነኛ ቢ ሴልን (ነጭ የደም ሴል ነው) ያለማቋረጥ እንዲከፈል ማድረግ አይችልም። ሲመረመር አንድ ቁራጭ ዲኤንኤ ወድቆበታል፤ የወደቀው ኤብና-2 የሚባለውን ዘረ መል ይዞ ነው። በ1989 ተመራማሪዎች የጎደለውን ቁራጭ መልሰው ሲተኩለት ችሎታው ተመለሰ። ያ ዘረ መል ምን እንደሚሠራ በዚህ ታወቀ። በጣም ያማረ ሙከራ ነው፤ ግን የተፈጥሮን ስጦታ መጠበቅ ነው። ተፈጥሮም አንዳንዴ ታሳስታለች። ካምብሪጅ ያነበበው ቢ95-8 የተባለው ዝርያ ራሱ 12,000 ፊደላት ያህል ጎድለውት ኖሯል። በ2004 የቫይረሱ ማይክሮ አርኤንኤዎች፣ ማለትም የሌሎች ዘረ መሎችን ሥራ የሚያፍኑ አጫጭር ቅንጣቶች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኙ የተፈለጉት በዚህ ዝርያ ስለነበር፣ የአብዛኞቹ መኖሪያ በጎደለው ክፍል ውስጥ መሆኑ በኋላ ተደረሰበት።

በ1998 ሙኒክ ውስጥ እነቮልፍጋንግ ሃመርሽሚት ቫይረሱን ሙሉውን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ማሳደግ ቻሉ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ዘረ መል ባክቴሪያው ውስጥ እያሉ ይሰርዛሉ፣ የተጎረደውን ቫይረስ ወደ ሰው ሴል መልሰው ይልካሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ እስካሁንም ይሠራበታል። የሚመልሰው ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ይህ ዘረ መል ባይኖር ቫይረሱ አዲስ ሴል ሲይዝ ምን ይሆናል?» የሚለውን። ቀድሞ በተያዘው ሴል ውስጥ፣ ከሕፃን መንጋጋ በተወሰደው ካንሰር ውስጥ፣ ቫይረሱ አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ ከውጭ በተላከ ቫይረስ አይታወቅም።

የሚያስፈልገው መሣሪያ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። በ1987 ኦሳካ ውስጥ ዮሺዙሚ ኢሺኖና ባልደረቦቻቸው በአንድ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ላይ የሚደጋገሙ እንግዳ ፊደላት አይተው ነበር። ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ሞኪካ እነዚህን ድግግሞሾች ለዓመታት ሲከተሉ ቆይተው፣ በድግግሞሾቹ መካከል ያሉት ፊደላት የቫይረሶች መሆናቸውን በ2005 አሳወቁ። በ2007 እርጎ በሚያረጋ ባክቴሪያ ላይ የተደረገ ሙከራ ጉዳዩን አረጋገጠ። ባክቴሪያው ያጠቃውን ቫይረስ ቁራጭ በራሱ ዲኤንኤ ላይ አስቀምጦ ሲመለስ ለይቶ ይቆርጠዋል። በ2012 ጄኒፈር ዳውድና እና ኢማኑኤል ሻርፐንቲየር ካስ9 የተባለውን ቆራጭ ፕሮቲን በአንድ መሪ አርኤንኤ ወደ ፈለጉት ፊደል መላክ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ይህ ነው። በ2013 መጀመሪያ መሣሪያው በሰው ሴል ውስጥ ሠራ። ባክቴሪያ ከቫይረስ ራሱን ሲከላከል የኖረበት ዘዴ የሰውን ቫይረስ ለመቁረጥ መዋሉ ዓመት አልፈጀም።

በ2014 ስታንፎርድ ውስጥ ጂያንቢን ዋንግና ስቴፈን ክዌክ ይህንን መሣሪያ በራጂ ሴሎች ላይ ሞከሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው የኢባዳን ዕጢ ነው። ሰባት መሪ አርኤንኤ አዘጋጁ፤ አንዱ ዒላማቸው ክቡን የሚጠብቀው ኤብና-1 ነበር። ሙከራው ሁለት ነገር ይጠብቃል። ካስ9 ክቡን ሲቆርጠው ሴሉ ሊጠግነው ይሞክራል፤ ጥገናው ግን ጥንቃቄ የጎደለው ስለሆነ ጥቂት ፊደል ይጎድላል ወይም ይጨመራል፣ ዘረ መሉም ትርጉም ያጣል። በብዙ ቦታ ከተቆረጠ ደግሞ ክቡ ራሱ ይበታተናል። (የራጂን ክብ ያሳዩት ሊንዳል በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዲኤንኤ እንዴት እንደሚጠገን በሠሩት ሌላ ሥራ ነው።)

ውጤቱ በሙከራው ሠሪዎች ግምት ልክ ነበር ማለት ይቻላል። የራጂ ሴሎች መራባታቸው በኃይል ተገታ፤ የቫይረሱ መጠን ቀነሰ። ይበልጥ የሚገርመው፣ እነዚህ ሴሎች ራሳቸውን የመግደል አቅም ተመለሰላቸው። ማንኛውም ሴል ሲበላሽ ራሱን የሚያጠፋበት ሥርዓት አለው፤ ቫይረሱ ያንን ዘግቶት ኖሯል። ቫይረስ በሌለባቸው ሴሎች ላይ ያው መሣሪያ ጉዳት አላደረሰም። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዕጢው ከተፈጠረ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሴሎቹ በቫይረሱ ዘረ መሎች ላይ ተደግፈው ነው የሚኖሩት። ቫይረሱ ዕጢውን ጀምሮት የሄደ አልነበረም፤ አሁንም ተሸክሞት ነበር። ይህን በሙኒኩ ዘዴ ማወቅ አይቻልም ነበር።

እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ ከተጻፉት ዜናዎች ይልቅ ሥራው ያልሠራውን ነገር ነው የማደንቀው። ሴሎቹ ሁሉ አልጸዱም። ሃምሳ ክብ ካለበት ሴል ሁሉንም ማውጣት ቀላል አይደለም፤ መሣሪያው ያልገባበት ሴልም አለ። ለጋዜጣ ይህ ድክመት ነው። ለሚያጠና ሰው ግን የሚነፃፀር ነገር ነው፤ በአንድ ሳህን ውስጥ የተቆረጠውና ያልተቆረጠው ጎን ለጎን ይታያል።

በ2015 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ዶንግ-ያን ጂንና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ጠበብ አደረጉት። ቫይረሱን ማጥፋት አልፈለጉም፤ የሰው ሴል ውስጥ እያለ አንድ ቦታ ብቻ ሊቆርጡ ነው። ሁለት መሪ አርኤንኤ ልከው 558 ፊደላት ነቅለው አወጡ። የወጣው ቁራጭ ቢኤአርት የሚባሉት የቫይረሱ ማይክሮ አርኤንኤዎች የሚነሱበት መነሻ ነበር፤ የአብዛኞቹ የነዚህ ማይክሮ አርኤንኤዎች መኖሪያ በካምብሪጁ ዝርያ ላይ በአጋጣሚ ጎድሎ የነበረው ሠፈር ነው። ተፈጥሮ ያጎደለችውን ዓይነት ነገር አሁን ሰው ፈልጎ፣ ለክቶ፣ በተያዘ ሴል ውስጥ አጎደለው። ባክቴሪያ ውስጥ ማሳለፍ፣ ቫይረሱን መልሶ መላክ አላስፈለገም።

በ2016 ኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት ውስጥ የሮበርት ያን ሌቢንክ ቡድን ሦስት የሄርፒስ ቫይረሶችን በዚሁ መሣሪያ አንድ ላይ አጠና፤ የሦስቱ መልስ የተለያየ መሆኑ ነው ሥራውን የሚያስነብበው። ኤፕስታይን-ባር በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ሲቆረጥ የተያዙት የዕጢ ሴሎች ከሞላ ጎደል ጸዱ። ሳይቶሜጋሎ የተባለው ቫይረስ መጀመሪያ ተገታ፤ ከዚያ መሪው አርኤንኤ የማያውቃቸው የተለወጡ ቫይረሶች ብቅ አሉ። የከንፈር ሄርፒስ ደግሞ ሲባዛ ይቆረጣል፣ ሲያንቀላፋ ግን መሣሪያው አይደርስበትም፤ ነቅቶ መባዛት ሲጀምር ነው የሚያዘው። አንድ ዓይነት መቁረጫ ሦስት ዓይነት አኗኗር ገለጠ። በዚያው ዓመት ካናዳ ውስጥ በማጊል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ኤችአይቪ ላይ የባሰውን አሳየ። ሴሉ የተቆረጠውን ቫይረስ ሲጠግን የሚተዋቸው ስህተቶች አንዳንዶቹ ቫይረሱን የሚገድሉ ሳይሆን ከሚቀጥለው ቁረጣ የሚያድኑት ሆኑ። መሣሪያው ራሱ አምላጩን ያፈራል። ሕክምና ለሚያስብ ሰው ይህ መጥፎ ዜና ነው። ዘረ መል ለሚያጠና ግን፣ የትኛው ፊደል ተነክቶም ቫይረሱ እንደሚኖር የትኛው ደግሞ ፈጽሞ እንደማይነካ የሚነግር ካርታ ነው።

ከዚያ ጥያቄው ተገለበጠ። ቫይረሱ የሚፈልገው የራሱን ዘረ መሎች ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠበትን ሴል ዘረ መሎችም ነው። ቦስተን ውስጥ የቤንጃሚን ገዉርዝ ላቦራቶሪ በ2017 የሰውን ዘረ መሎች በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ፣ በአንድ ሴል አንድ እያደረገ ቆረጠ። ሴሎቹ ተደባልቀው ለሳምንታት ያድጋሉ። አስፈላጊ ዘረ መል የጠፋባቸው ከመሃል ይጠፋሉ፤ የቀሩት ሴሎች የያዙት መሪ አርኤንኤ ይነበባል፣ የጎደለው ይቆጠራል። እንደገና በጎደለው ማወቅ ነው፤ አሁን ግን በአንድ ጊዜ በሺዎች። ለቡርኪት ሴሎች (በሐኪሙ ስም ለሚጠራው ካንሰር ሴሎች) ብቻ የሚያስፈልጉ 57 ዘረ መሎች፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በቫይረሱ ተለውጠው ለሚያድጉ ቢ ሴሎች ብቻ የሚያስፈልጉ 87 ዘረ መሎች ተገኙ። ሁለቱም በአንድ ቫይረስ የተያዙ ናቸው፤ የሚደገፉበት ግን አንድ አይደለም።

ያው ላቦራቶሪ በ2020 ሌላ ጥያቄ አነሳ። ቫይረሱ በቡርኪት ሴል ውስጥ ለምን ያንቀላፋል? እያንዳንዱን የሰው ዘረ መል ሲያጠፉ የትኛው ሲጠፋ ቫይረሱ እንደሚነቃ ተከታተሉ። ከመልሶቹ ዋነኛው ሚክ የሚባለው ዘረ መል ነበር። ሚክ ለቡርኪት ካንሰር አዲስ ስም አይደለም። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዚህ ዕጢ ውስጥ ከክሮሞሶሙ ተቆርጦ ሌላ ክሮሞሶም ላይ እንደሚለጠፍና ያለ ልክ እንደሚሠራ ይታወቃል፤ ሴሉን ያለ ማቋረጥ እንዲከፈል የሚያደርገው እሱ ነው። አሁን የታወቀው ሁለተኛ ሥራው ነው። ሚክ የቫይረሱ ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ የመንቂያውን ቁልፍ የያዘው ክፍል እንዳይታጠፍ ይከለክላል። ሚክ ሲነሳ ዲኤንኤው ይታጠፋል፣ ቁልፉ ይከፈታል፣ ቫይረሱ መባዛት ይጀምራል። ካንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ዘረ መል ቫይረሱንም ያስተኛዋል። በ1970 ሱር ሃውዘን ያገኙት፣ ዲኤንኤ ያለው ቅንጣት የሌለው ሴል ማብራሪያ፣ ቢያንስ አንዱ፣ ይህ ነው።

በ2021 እነሃመርሽሚት እንደገና መጡ። ቀድሞ ለረጅም ጊዜ ያስቸግር የነበረውን፣ ከሰው ደም አዲስ የተወሰደ፣ ገና ያልተለወጠ ቢ ሴልን በካስ9 መቁረጥ ቻሉ። አሁን በአንድ ሙከራ ሁለቱንም ወገን መቀነስ ይቻላል። ባክቴሪያ ውስጥ ዘረ መል የተጎረደበት ቫይረስ፣ ዘረ መል የተቆረጠበት ሴል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነው ይታያል።

ጥናቱ የሄደበትን መንገድ ያስቸኮለው ግን ከካንሰር ውጭ የመጣ ነገር ነው። በጃንዋሪ 2022 ከአሥር ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን የደም መዝገብ የተከታተለ ጥናት፣ ነርቭን የሚያጠቃው መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚይዛቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሕመሙ በፊት በኤፕስታይን-ባር ተይዘው እንደነበር አሳየ። ቫይረሱ ሲይዝ አደጋው 32 እጥፍ ይጨምራል። በዚያው ወር ሌላ ጥናት፣ ሰውነት ኤብና-1ን ለመዋጋት የሚሠራቸው አንዳንድ ፀረ እንግዳ አካላት የአንጎል ሴል ፕሮቲንንም አንድ አድርገው እንደሚመቱ አሳወቀ። ክቡን የሚጠብቀው፣ ስታንፎርድ ውስጥ ካስ9 የተላከበት ያው ፕሮቲን ነው። አዳዲስ የመከላከያ ክትባት ሙከራዎችም በ2022 በሰው ላይ ተጀመሩ።

ኤፕስታይን ይህን ሁሉ አይተው በፌብሩዋሪ 2024 በ102 ዓመታቸው አረፉ። ክቡን ከተያዘ ሰው ውስጥ ቆርጦ ማውጣት ግን እስካሁን የላቦራቶሪ ሳህን ሥራ ነው። በራጂ ሳህን ውስጥ ያለው ሴል ሁሉ የተያዘ ነው፤ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ግን ቫይረሱን የተሸከመው ከአንድ ሚሊዮን ቢ ሴሎች ከ1 እስከ 50 የሚሆነው ብቻ ነው፤ መሪው አርኤንኤ ቫይረሱን የሚያውቀው ደግሞ ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ እንጂ ከውጭ አይደለም።